ኮምቴ ቺዝ፦ አመራረጡ፣ አቆራረጡ፣ አቀማመጡና የፎንዱ አሠራር

ኮምቴ በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ከስዊዘርላንድ ጋር በሚዋሰነው የዡራ ተራራማ አገር ከላም ወተት የሚሠራ ጠንካራ ቺዝ ነው። አውሮፓ የሚኖር ሰው በየሱፐርማርኬቱ ያገኘዋል። አሜሪካም ደህና ደህና ቺዝ ቤቶች ውስጥ አይጠፋም። እዚያ ከጥሬ ወተት የተሠራ ቺዝ ለመሸጥ ቢያንስ 60 ቀን መቆየት አለበት፤ ኮምቴ ቢያንስ እጥፉን ስለሚቆይ ይህን ደንብ ያልፋል።

መደርደሪያው ፊት ሲቆሙ ግን ነገሩ ግራ ያጋባል። አንዱ 6 ወር ይላል፣ ሌላው 12፣ ሌላው 24። ዋጋውም ከወሩ ጋር አብሮ ይወጣል። ብዙ ሰው ታዲያ "የቆየው ይበልጣል" ብሎ ውዱን ያነሣል። ቤት ሲደርስ ልጆቹ አይነኩለትም። ድስት ውስጥ ሲያቀልጠው ደግሞ ዘይቱ ብቻውን ይንሳፈፋል። ቺዙ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ለማይሆን ሥራ ስለተገዛ ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ መነሻው አንድ ነው፦ ኮምቴ የሚገዛው በዕድሜው ሳይሆን በጣዕሙ ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት አሠራሩን ትንሽ ማወቅ ይጠቅማል።

በቅድሚያ፦ የሚገዙት ምን እንደሆነ ይወቁ

የዡራ ብርድ ረጅምና ከባድ ነው። ድሮ በረዶው ሲወርድ መንገድ ይዘጋ ስለነበር ገበሬው የሞቃቱን ወራት ወተት ለብርዱ ማቆየት ነበረበት። ትንሽ ቺዝ ቶሎ ይደርቃል። ትልቅ ቺዝ ግን ለወራት ይቆያል። ችግሩ አንድ ሙሉ ክብ ኮምቴ ለመሥራት 400 ሊትር ያህል ወተት ማስፈለጉ ነው። ያን ያህል ወተት በአንድ ቀን የሚያልብ ቤተሰብ አልነበረም። ስለዚህ የመንደሩ ሰው ወተቱን ማዋጣት ጀመረ። የጉራጌ ሴቶች ወተታቸውን እያዋጡ ተራ በተራ የሚወስዱበትን ዊጆ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

ይህ የጋራ ቺዝ ቤት ፍሩዊቲየር ይባላል። ልማዱ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በጽሑፍ የተመዘገበ ነው። ዛሬም አብዛኞቹ ፍሩዊቲየሮች የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው።

ኮምቴ የሚለው ስም እ.ኤ.አ. በ1958 በፈረንሳይ ሕግ ጥበቃ አገኘ። በ1996 ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ጥበቃ ተጨመረለት። ደንቡ ጥብቅ ነው። ወተቱ ሞንቤልያርድ ከሚባሉት ቀይና ነጭ ላሞች ወይም ከፈረንሳይ ሲሜንታል ብቻ ይታለባል። ለእያንዳንዷ ላም ቢያንስ 1 ሄክታር የሣር መሬት መኖር አለበት። ላሞቹ በሞቃቱ ወራት ሣር ይግጣሉ፣ በብርዱ ድርቆሽ ይበላሉ። ሳይሌጅ የሚባለው ታፍኖ የቦካ መኖ ፈጽሞ ክልክል ነው። እንዲህ ያለው መኖ ወተቱ ውስጥ የሚጨምራቸው ባክቴሪያዎች ቺዙን ወራት ካለፉት በኋላ ከውስጥ ያሳብጡታል፣ ይሰነጥቁታልም።

ወተቱ ከሩቅ አይመጣም። እያንዳንዱ ፍሩዊቲየር ወተት የሚሰበስበው ዲያሜትሩ 25 ኪሎ ሜትር ከሆነ ክልል ውስጥ ብቻ ነው። ወተቱ ጥሬ እንደሆነ በትልልቅ የመዳብ ድስቶች ይገባል። እርሾና ማርጊያ ይጨመርበታል። ሲረጋ የስንዴ ፍሬ እስኪያክል ድረስ በስለት ይከታተፋል። ከዚያ እየተማሰለ እስከ 55 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። አጓቱ ይወጣል፣ ፍሬው ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ገብቶ በከባድ ይጫናል። የሚወጣው 40 ኪሎ ያህል የሚመዝን ክብ ነው። 10 ሊትር ወተት 1 ኪሎ ቺዝ ይሆናል ማለት ነው።

ቀጥሎ ክቡ ስፕሩስ በሚባለው የጥድ ዘመድ ሳንቃ ላይ ያርፋል። በጨው ውሃ ይታሻል፣ ይገለበጣል፣ እንደገና ይታሻል። ይህ ቢያንስ ለ120 ቀን ይቀጥላል። አብዛኛው ኮምቴ ከዚያ በላይ ይቆያል። ከታወቁት ማቆያዎች አንዱ ፎር ሳንት አንትዋን ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሠራ ወታደራዊ ምሽግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 ማርሴል ፔቲት የተባለ የቺዝ ነጋዴ ወደ ማቆያ ቤት ለወጠው። የሰውየው ሐሳብ ቺዙን ሙቅ ክፍል ውስጥ ከማጣደፍ ይልቅ በቀዝቃዛ ቦታ ቀስ ብሎ እንዲበስል መተው ነበር። ድንጋይና አፈር የለበሰው ምሽግ ለዚህ ተስማማ።

እንግዲህ እያንዳንዱ ክብ ከተለያየ መንደር ሣር፣ ከተለያየ ወቅት፣ ከተለያየ ማቆያ ይመጣል። ለዚህ ነው ሁለት "12 ወር" የተባሉ ኮምቴዎች ጎን ለጎን ቀምሰው አንዱ ቅቤ ቅቤ፣ ሌላው የተቆላ ለውዝ ለውዝ ሊልዎት የሚችለው። ባለሙያዎቹ የኮምቴን ጣዕምና ሽታ የሚገልጹባቸው 83 ስያሜዎች አሏቸው፤ በ6 ቤተሰብ ከፋፍለው ነው የሚያስቀምጧቸው። እርስዎ 83ቱን ማወቅ የለብዎትም። ልዩነት መኖሩን ማወቅ ግን አለብዎት።

ደረጃ 1፦ ጎኑን ያንብቡ

እያንዳንዱ ሙሉ ክብ ከማቆያው ከመውጣቱ በፊት ከ20 ይታረማል። ከ20ው ውስጥ 9ኙ ነጥብ ለጣዕም ብቻ ነው። የቀረው ለውስጡ ልስላሴ፣ ለቀዳዳው፣ ለቅርፊቱና ለመልኩ ይከፋፈላል። ከ14 በላይ ያገኘ ክብ ጎኑ ላይ አረንጓዴ ማሰሪያ ይለጠፍበታል፤ ማሰሪያው ላይ ትንሽ ደወል ትታያለች። ከ12 እስከ 14 ያገኘው ቡናማ ማሰሪያ ያገኛል። ከ12 በታች የሆነ ኮምቴ ተብሎ መሸጥ አይችልም።

ቁራጭ ሲገዙ ቅርፊቱ ላይ ከማሰሪያው ቅንጣቢ ይቀራል። አረንጓዴ ከሆነ ጥሩ። ቡናማ ቢሆንም አይሽሹ። ነጥብ የቀነሰው ቅርፊቱ ስለተጎዳ ወይም ውስጡ ስለተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል። ለፎንዱ፣ ማለትም ዳቦ እየተጠቀሰ ለሚበላው የቀለጠ ቺዝ፣ ወይም ለኦቨን ከሆነ ስንጥቁ ምን ያደርግብዎታል? ርካሽ ከሆነ ይውሰዱት።

ከዚህ ሌላ ቀይና ቢጫውን ክብ የአውሮፓ ኅብረት ምልክት ይፈልጉ። ምልክቱ ቺዙ በትውልድ ቦታው ስም የተጠበቀ መሆኑን ያሳያል። "ግሩዬር" የሚል ካዩ ሌላ ቺዝ ነው። ዝምድና አላቸው፣ አንድ ግን አይደሉም።

ፈረንሳይ ሱቅ ውስጥ ሌሎች ቃላትም ያጋጥሙዎታል። "ዱ" ለስላሳ ማለት ነው፣ "ፍሩዊቴ" ፍሬ ፍሬ የሚል፣ "ቪዩ" ደግሞ የቆየ። ከሻጭ ሻጭ ትርጉማቸው ይለያያል። ስለዚህ ጠቋሚ እንጂ ዋስትና አያድርጓቸው። "አፊናዥ 12 ሟ" የሚል ካዩ 12 ወር ቆይቷል ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ ለምን እንደሚፈልጉት ወስነው ይቅመሱ

ዋናው ደረጃ ይህ ስለሆነ አይቸኩሉ።

የተቻለ እንደሆነ በላስቲክ ታሽጎ ከተደረደረው ይልቅ ፊትዎ ተቆርጦ ከሚሸጥበት ባንኮኒ ይግዙ። ሻጩን "ዠ ፐ ጉቴ?" ይበሉት፤ "መቅመስ እችላለሁ?" ማለት ነው። ነውር የለውም። ጥሩ ቺዝ ሻጭ እንዲያውም ካልቀመሱ ቅር ይለዋል። አንድ ሳይሆን ሁለት ዓይነት ይጠይቁ፤ ጎን ለጎን ሲሆን ልዩነቱ ቶሎ ይታወቃል።

ቅንጣቢው እጅዎ ሲገባ መጀመሪያ ቀለሙን ይዩ። ደመቅ ያለ ቢጫ ከሆነ ላሞቹ አረንጓዴ ሣር በሚግጡበት ወቅት የተሠራ ነው፤ ቢጫነቱ ከሣሩ የሚመጣ ቀለም ነው። ፈዘዝ ያለ የዝሆን ጥርስ ቀለም ከሆነ ድርቆሽ ከሚበሉበት ወቅት ነው። አንዱ ከሌላው አይበልጥም። የሞቃቱ ወራት ቺዝ ጣዕሙ ደመቅ ይላል፣ የብርዱ ወራት ደግሞ ለስለስ ያለና ወተት ወተት የሚል ነው።

ቀጥሎ ቅንጣቢውን በሁለት ጣት ይዘው ጎበጥ ያድርጉት። ወጣት ኮምቴ ሳይሰበር ይታጠፋል። የቆየው ቶሎ ቅንጥስ ይላል። ከዚያ ለሁለት ሰብረው አፍንጫዎ ሥር ያስጠጉት፤ ሽታው ይበልጥ የሚወጣው ከተሰበረው ፊት ነው። አሁን አፍዎ ያስገቡ፣ ግን ቶሎ አይዋጡት። አፍ ውስጥ እስኪሞቅ ይጠብቁ። መጀመሪያ ጨውና ቅቤ ይሰማዎታል። ቀስ ብሎ ሌላው ይመጣል፦ የተቆላ ለውዝ፣ ወይም የሽንኩርት ቁሌት፣ አንዳንዴም የደረቀ ፍራፍሬ። ከዋጡት በኋላ ጣዕሙ አፍ ውስጥ የሚቆይ ከሆነ ጥሩ ቺዝ ነው። ምሬት ብቻ ከቀረ ወይም ምላስ ከቆነጠጠ ይተዉት፣ ዕድሜው ምንም ያህል ቢሆን።

የቆየ ኮምቴ ውስጥ ጥርስ ሥር ቀጭ ቀጭ የሚሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች አሉ። ብዙ ሰው ጨው ይመስለዋል። ጨው አይደለም፤ ፕሮቲኑ በጊዜ ብዛት ሲፈራርስ የሚፈጠር ታይሮሲን የሚባል ነገር ነው። ይበላል፤ ጥሩ ቆይታ ማግኘቱንም ይነግራል። አተር የሚያህል ትንሽ ቀዳዳ ቢያዩም፣ አግድም የሄደ ቀጭን ስንጥቅ ቢያዩም አያስቡ።

ባለሙያዎቹ ራሳቸው እንዴት እንደሚመርጡ ማየት ደስ ይላል። አንድ ጫፉ መዶሻ፣ ሌላው ጫፉ ቀዳዳ ያለው ወስፌ የሆነ ትንሽ መሣሪያ አላቸው። በመዶሻው ክቡን ኳ ኳ እያደረጉ ያዳምጣሉ፤ ውስጡ የተሰነጠቀ ከሆነ ድምፁ ይለወጣል። ከዚያ በወስፌው ወግተው ቀጭን ዘንግ ያወጣሉ። ያሸታሉ፣ ከጫፉ ቆንጥረው በጣት ያሹታል፣ ይቀምሳሉ። የቀረውን ወደ ቀዳዳው መልሰው አፉን ይደፍኑታል። የክቡ ዕድሜ መዝገብ ላይ አለ፤ እነሱ ግን መዝገቡን አይተው ብቻ አይለቁትም።

ለምን ሥራ የቱን? እንደኔ አስተያየት፦

ለልጆች፣ ለሳንድዊችና ቺዝ ለመድ ላላደረገ ቤተሰብ ከ4 እስከ 8 ወር ያለው ይሆናል። በተለይ አገር ቤት ያለውን ነጭ አይብ ብቻ የለመደ ሰው በዚህ ቢጀምር ይሻለዋል።

ለማቅለጥ፣ ለኦቨንና ለፎንዱ ከ8 እስከ 12 ወር ያለውን ይውሰዱ። በደንብ ይቀልጣል፣ ጣዕምም አለው። ከ20 ወር በላይ የሆነውን ማቅለጥ ገንዘብ ማባከን ነው። እርጥበቱ ስላነሰ እኩል አይቀልጥም፤ በሙቀቱም የከፈሉበት ጣዕም ይጠፋል።

ከ18 ወር በላይ ያለውን ብቻውን፣ በትንሽ በትንሹ፣ ቀስ ብለው ይብሉት። ለአንድ ሰው 30 ወይም 40 ግራም ይበቃል።

በአንድ ጊዜ ብዙ አይግዙ። 250 ግራም ለጥቂት ቀን ይሆናል። ሲያልቅ ተመልሰው ሌላ ይቅመሱ። የወደዱት ክብ በሚቀጥለው ሳምንት ላይኖር ይችላል።

ደረጃ 3፦ ቤት ሲደርሱ አቀማመጡ

ቺዙን በስስ ላስቲክ አጥብቀው አይጠቅልሉ። ላስቲኩ ሥር ያልበዋል፣ ያንን ተከትሎ ሻጋታ ይመጣል፣ ጣዕሙም ላስቲክ ላስቲክ ይላል። ሻጩ የጠቀለለበት ሰም የተቀባ ወረቀት ካለ እሱኑ ይጠቀሙ። ከሌለ በመጋገሪያ ወረቀት ጠቅልለው ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ያስገቡት። ፍሪጁ ውስጥ ቦታው ታች ያለው የአትክልት መሳቢያ ነው፤ እዚያ ብርዱ ለዘብ ይላል። ከሽንኩርት ግን ያርቁት፤ ቺዝ ሽታ ይስባል።

እንዲህ ከተያዘ ሁለት ሦስት ሳምንት ደህና ይቆያል። ላዩ ላይ ሻጋታ ቢወጣ አይጣሉት። አካባቢውን ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠልቀው ይቁረጡና ሌላውን ይብሉ። ይህ የሚሠራው እንዲህ ላለ ጠንካራ ቺዝ ብቻ ነው። ለስላሳ አይብ ሻጋታ ካወጣ ይጣል።

ማቀዝቀዣ በረዶ ቤት አይክተቱት። ውስጡ ይፈረካከሳል። የግድ ከሆነ ፈቅፍቀው ያስገቡና ለማብሰያ ብቻ ይጠቀሙበት።

ወደ አዲስ አበባ ይዘው ለሚሄዱ፦ ሱቁ ውስጥ "ሱ ቪድ" ብለው ይጠይቁ፤ አየር አውጥተው ያሽጉልዎታል። ጉዞውን በደንብ ይችለዋል። ሲደርሱ ግን እሽጉን ከፍተው፣ ላዩን በንጹሕ ጨርቅ ጠርገው፣ ወደ ወረቀት ይመልሱት። መብራት ለጥቂት ሰዓት ቢጠፋም እንደ ነጭ አይብ ቶሎ አይበላሽም። የድንበር ደንቡን አስቀድሞ መጠየቅ አይርሱ።

ደረጃ 4፦ አቆራረጡ

ከመብላትዎ በፊት አንድ ሰዓት ያህል ቀድመው ከፍሪጅ ያውጡት። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ የሚያጣውም ብዙ ነው። የቀዘቀዘ ኮምቴ ጣዕሙ የተዘጋ ነው። እንዳይደርቅ ወረቀቱን አይግፈፉት፤ ሲቀርብ ብቻ ይግለጡት።

ቁራጩ ረዘም ያለና አንዱ ጫፉ ቅርፊት ያለበት ነው። ቅርፊት ያለበት ጫፍ የክቡ ጎን፣ ሌላው ጫፍ መካከሉ ነው። የመካከሉ ለስለስ ይላል፤ ወደ ቅርፊቱ ሲጠጋ ደግሞ ደረቅና ጣዕሙ ጠንከር ያለ ይሆናል። ሁሉንም ከመካከሉ በኩል አግድም እየቆረጡ ከሄዱ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ሰው ቅርፊት ብቻ ይደርሰዋል። ስለዚህ ከመካከሉ ጫፍ ጀምረው እስከ ግማሽ ድረስ አግድም ይቁረጡ። የቀረውን ግማሽ ግን አዙረው በቁመቱ፣ ወደ ቅርፊቱ አቅጣጫ ይቁረጡ። እንዲህ ሲሆን ቅርፊቱ ለሁሉም ይካፈላል።

ውፍረቱ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ይሁን። በጣም ከሳሳ አፍ ውስጥ ሳይቀምሱት ይጠፋል። ረዥም፣ ስለቱ ቀጭን የሆነ ቢላ ይመረጣል። የቆየውን በቢላ ከመቁረጥ ይልቅ በቢላው ጫፍ እየፈነቀሉ ቢሰባብሩት ይሻላል።

ቅርፊቱ አይበላም። መርዝ ስለሆነ ሳይሆን ለወራት በጨው ውሃ ሲታሽ የኖረ ስለሆነ ጣዕሙ ይከብዳል። አይጣሉት ታዲያ። በቢላ ላዩን ፍቀው፣ አጥበው፣ የምስር ወይም የአትክልት ሾርባ ውስጥ ሲፈላ ይጨምሩት። ሾርባውን ሊያቀርቡ ሲሉ ቅርፊቱን ያውጡት።

ደረጃ 5፦ ከምን ጋር ይቀርባል

ዡራዎች አብረው የሚያቀርቡት የአገራቸውን ቢጫ ወይን፣ ቫን ዦንን ነው። ሳቫኛን ከሚባል ወይን ፍሬ ይሠራል፣ ከ6 ዓመት በላይ በበርሜል ይቆያል። እሱ ከሌለ ማንኛውም ደረቅ ነጭ ወይን ይሆናል። ቀይ ወይን ከቺዝ ጋር ሁሌ ይሄዳል የሚባለውን አይመኑ፤ ኮምቴን ብዙ ጊዜ ያመርረዋል። አልኮል የማይጠጣ ሰው ፖም፣ ዋልነትና ደህና ዳቦ ያቅርብ። ሚጥሚጣና አዋዜ ግን ከዚህ ማዕድ ይቆዩ። እኔም ያለ ቃሪያ አልበላም፣ ግን እዚህ ላይ ሌላውን ጣዕም ሁሉ ይሸፍነዋል።

ምግቡ የፍስክ ነው። ስለዚህ ለረቡዕና ዓርብ፣ ለዐቢይ ጾምም አይታሰብም። ማርጊያው ከጥጃ ጨጓራ የሚወጣ ስለሆነ ሥጋ የማይበላ፣ ሐላል ወይም ኮሸር የሚጠብቅ ሰው ይህን አውቆ ይወስን። ወተት ለማይስማማው ሰው ደግሞ ጥሩ ዜና አለ። ቺዙ ሲቆይ የወተቱ ስኳር፣ ላክቶስ፣ ስለሚያልቅ ኮምቴ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ለእርጉዝ ሴቶችና ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ፈረንሳይ የጥሬ ወተት ቺዝ አትመክርም፤ እንደ ኮምቴ ያሉትን ሞቀው ተጭነው የሚሠሩትን ግን ከዚህ ለይታ ትፈቅዳለች። ቅርፊቱ ይነሣ፣ ሐኪምም ይጠየቅ።

ደረጃ 6፦ የኮምቴ ፎንዱ፣ ለ4 ሰው

የሚያስፈልገው፦ 800 ግራም ኮምቴ፣ 350 ሚሊ ሊትር ደረቅ ነጭ ወይን፣ 1 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ኮርን ስታርች፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ትንሽ ገውዝ፣ እና ያደረ ዳቦ። ከ800 ግራሙ 600ው ከ8 እስከ 12 ወር የሆነ፣ 200ው ደግሞ 15 ወር ገደማ የሆነ ቢሆን ይመረጣል። የመጀመሪያው ያቀልጥልዎታል፣ ሁለተኛው ያጣፍጥልዎታል። ጨው አይጨመርም።

ዳቦው የግድ ያደረ ይሁን። ትኩስ ዳቦ ድስቱ ውስጥ ይፈርሳል። አፍ የሚሞላ መጠን አድርገው ይቁረጡት፤ እያንዳንዱ ጉርሻ ከጠንካራው ገጽ ትንሽ ይኑረው፣ ሹካው የሚይዘው እሱን ነው።

ቺዙን በመፈቅፈቂያው ሰፊ ዓይን ፈቅፍቀው ከስታርቹ ጋር ያዋህዱት። ታቹ ወፍራም የሆነ ድስት ይምረጡ። ነጭ ሽንኩርቱን ለሁለት ሰንጥቀው የድስቱን ውስጥ በሙሉ ይሹበት። ወይኑን ጨምረው በመካከለኛ እሳት ያሙቁ። ዳር ዳሩ ትንንሽ አረፋ ማውጣት ሲጀምር እሳቱን ይቀንሱ። እንዲንተከተክ አይፍቀዱ።

አሁን ቺዙን በእፍኝ በእፍኝ ይጨምሩ። አንዱ እፍኝ ሳይቀልጥ ሌላው አይገባም። በእንጨት ማንኪያ የ8 ቁጥር ቅርጽ እየሠሩ ያማስሉ። ክብ እየዞሩ ብቻ ካማሰሉት ቺዙ መሐል ላይ ይሰበሰባል። መጀመሪያ ቺዙ ለብቻው፣ ወይኑ ለብቻው ሆኖ የተበላሸ ይመስላል። አትደንግጡ፣ ማማሰል ይቀጥሉ፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሲሆን ይያያዛል። ማንኪያውን ሲያነሡት ሳይቆራረጥ እንደ ክር ተስቦ ሲወርድ ደርሷል። ቁንዶ በርበሬና ገውዝ ይነስንሱበት።

ወይን የማይገባበት ቤት ውስጥ በወይኑ ፈንታ ቀለል ያለ የአትክልት መረቅ ከግማሽ ሎሚ ጭማቂ ጋር ይጠቀሙ። ሎሚው አይቅር። ቺዙ እንዳይጓጉል የሚያደርገው የወይኑ አሲድ ነው፤ ሎሚው የሚተካው እሱን ነው።

ካልተያያዘ እንዲህ ያድርጉ። ዘይት ከላይ ከተንሳፈፈ እሳቱ በዝቷል፤ ድስቱን አውርደው ጥቂት የሎሚ ጠብታና አንድ ማንኪያ ሙቅ ወይን ጨምረው አጥብቀው ያማስሉ። ከቀጠነ ሌላ እፍኝ ቺዝ ይጨምሩ። ከወፈረ ሙቅ ወይን ጠብ ያድርጉ፤ ቀዝቃዛ ግን አይሁን።

ድስቱን ከገበታው መሐል ትንሽ እሳት ላይ ያስቀምጡና ሁሉም በየሹካው ዳቦ እየጠቀሰ ይብላ። ሲጠቅሱ የድስቱን ታች ነካ ነካ ያድርጉ፣ እንዳያርር። ሲያልቅ ድስቱ ቂጥ ላይ ቡናማና ጥርስ ሥር የሚሰበር ንብርብር ይቀራል። እሱን በማንኪያ ፍቀው ለተገኘው ሁሉ ያካፍሉት፤ ብዙ ሰው ከፎንዱው የሚያስበልጠው ነው።

ድስቱን ሲያጥቡ በፈላ ውሃ አይጀምሩ፤ የቀረው ቺዝ የባሰ ይጣበቃል። ቀዝቃዛ ውሃ ሞልተው ያሳድሩት፣ ጠዋት በእንጨት ማንኪያ ገፋ ሲያደርጉት ይለቃል።